ዋሽንት አልገባ ያለበት ዘፈን፦ የአንድ ስቱዲዮ የሳምፕል ሬት ጉዳይ

ስቱዲዮው ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር ሲወርዱ ገባ ብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው። ሰፊው መቅረጫ ነው። ጠባቡ ውስጥ ኮምፒውተሩ፣ ስፒከሮቹና የዕቃ መደርደሪያው አሉ። ድሮ ፒያሳ ነበር የሚሠራው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ዕቃውን በካርቶን አሽጎ ወደዚህ ወረደ። ይህ የቤት ለውጥ በጉዳያችን ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው።

ባለቤቱ የደወለልኝ በዋሽንት ምክንያት ነው። "ዋሽንቱ አልገባ አለን" አለኝ። "ጋሼ ይዘዋቸው የመጡት ዋሽንቶች ሁሉ ተሞከሩ። አንዱም ከዘፈኑ ጋር አይስማማም። እሳቸው ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ ነው ብለው ተቆጥተዋል።"

ጋሼ፣ ዋሽንት ነፊው፣ ልክ ነበሩ። ለምን ልክ እንደሆኑ ለማስረዳት ግን ከሥሩ መጀመር አለብኝ።

ሥራው የባህል ባንድ ቀረጻ ነው። ማሲንቆ፣ ኤሌክትሪክ ክራር፣ ከበሮና ድምፃዊት አንድ ላይ ሆነው ይጫወታሉ። ካሜራም አብሮ ይቀርጻል፤ ዘፈኖቹ ከነቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ይወጣሉ። ድምፃዊቷ በዚያ ቀን የምትዘፍነው ለመመሪያ ያህል ነው፣ እኛ ጋይድ የምንለውን። ዋናውን ድምፅ ሌላ ቀን ብቻዋን ገብታ ትሠራዋለች። ዋሽንቱም በኋላ የሚጨመር ነው። ተጫዋቹ ባንዱ በተቀረጸበት ሰሞን ክፍለ ሀገር ነበሩ።

ለአንድ ድምፃዊ የኢንተርፌሱ (ማይክና ኮምፒውተሩን የሚያገናኘው ሣጥን) የራሱ የማይክ መግቢያዎች ይበቃሉ። ለባንድ ግን አይበቁም። ስለዚህ ስቱዲዮው ባለ 8 ቻናል ፕሪአምፕ አለው። ፕሪአምፑ ማይኮቹን ተቀብሎ፣ ድምፁን ወደ ዲጂታል ቀይሮ፣ በአንዲት ቀጭን ኦፕቲካል ኬብል ወደ ኢንተርፌሱ ይልካል። ይህ መስመር ኤዳት ይባላል። በአንድ የብርሃን ክር ስምንት ቻናል ማሳለፍ ይችላል። ርካሽና ቀላል ስለሆነ ትናንሽ ስቱዲዮዎች ይወዱታል።

ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ

አዲሱ ቤት ገብተው የመጀመሪያውን የሙከራ ቀረጻ ሲያደርጉ፣ ድምፁ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ። ከበሮ ላይ አይታወቅም። ማሲንቆው ረዘም አድርጎ ሲጎትት ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ስቱዲዮ ያለው ሰው የመጀመሪያ ተጠርጣሪው መብራት ነው። አይፈረድበትም። ዩፒኤስ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ደክሟል ተባለ። በፈሩን፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚይዝበትን ቦታ፣ እስከ 1024 ከፍ አደረጉት፤ አሁንም ያው ነው። የማይክ ኬብሎች ተቀያየሩ። ማሲንቆውም ሳይቀር ተጠርጥሮ ነበር፤ ባለማሲንቆው ይህን ሲያወራ አሁንም ይስቃል።

አንድ መለያ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ሲጨናነቅ የሚመጣ ቀጭታ ፕለጊን (ድምፅ ማስዋቢያ ፕሮግራም) በበዛ ቁጥር ይብሳል፤ በፈሩ ሲጨምር ደግሞ ይቀንሳል። የክሎክ፣ ማለትም የመሣሪያው የጊዜ ቆጠራ፣ ቀጭታ ለፕለጊን ደንታ የለውም። ፕሮጀክቱ ባዶ ቢሆን፣ በፈሩ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ ጊዜውን እየጠበቀ ይመጣል። እዚህ የነበረው ሁለተኛው ነው።

ዲጂታል መሣሪያ ድምፅን የሚቀርጸው በየቅጽበቱ እየለካ ነው። እያንዳንዷ ልኬት ሳምፕል ትባላለች፤ በሰከንድ ያለው ብዛታቸው ሳምፕል ሬት ነው። 44.1 ኪሎኸርዝ ሲባል በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል ማለት ነው። 48 ሲባል 48,000 ጊዜ። መቼ መለካት እንዳለበት የሚነግረው በውስጡ ያለ ትንሽ ክሪስታል ነው፤ ክሎክ የምንለው እሱን ነው። ሁለት ክሪስታሎች ግን ፍጹም እኩል አይሄዱም። በሚሊዮን ውስጥ 20 ያህል ቢለያዩ ብርቅ አይደለም። ትንሽ ትመስላለች። በ44,100 ስትባዛ ግን በሰከንድ ወደ አንድ ሳምፕል ትጠጋለች። ስለዚህ ኢንተርፌሱ በራሱ፣ ፕሪአምፑም በራሱ ሲቆጥሩ፣ በየሰከንዱ ገደማ አንድ ሳምፕል ይተርፋል ወይም ይጎድላል። እዚያች ቦታ ላይ የድምፁ መስመር ይሰበራል። ቀጭ የሚለው እሱ ነው።

ሁለት ከበሮ መቺዎችን በተለያየ ክፍል አስገብታችሁ፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ፣ አንድ ዘፈን ምቱ በሏቸው። ሁለቱም ጎበዝ ይሁኑ። አንዱ መርቶ ሌላው ካልተከተለ መለያየታቸው አይቀርም።

ታዲያ ፒያሳ እያሉ ለምን ደህና ሠራ? ያኔ በፕሪአምፑና በኢንተርፌሱ መካከል ሁለት ኦፕቲካል ኬብል ነበር። አንዱ ከፕሪአምፑ ወደ ኢንተርፌሱ ድምፅ ይወስዳል። ሌላው ከኢንተርፌሱ ወደ ፕሪአምፑ ይመለሳል። በተመላሹ ክር ላይ ምንም ድምፅ አልነበረም። ነገር ግን የኤዳት ምልክት ክሎኩን በውስጡ ይዞ ነው የሚሄድ። ፕሪአምፑ በዚያ ክር የኢንተርፌሱን ቆጠራ እየሰማ ይከተል ነበር። ዕቃው ከፒያሳ ሲጫን አንደኛው ክር ጠፋ። ሲገጣጠም ማንም ልብ አላለውም። "ድምፅ ከመጣ ምን ቀረ ብለን ነው" አለኝ ረዳቱ ልጅ።

ፕሪአምፑ ጀርባ ላይ አራት ቦታ ያላት ማዞሪያ አለች። በራስ ክሎክ 44.1፣ በራስ ክሎክ 48፣ ከኤዳት መቀበል፣ ከወርድ ክሎክ (ክሎክ ብቻ ከሚሄድበት ኬብል) መቀበል። ክሩ ስለሌለ "ከኤዳት መቀበል" የሚለው ቦታ ላይ ፕሪአምፑ የሚከተለው አጣ፤ ድምፁም አልረጋ አለ። ልጁ እስኪረጋ ድረስ ማዞሪያዋን አዞረ። 44.1 ላይ ረጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሁለት አለቃ ሆነ።

ጥሩ ምክር፣ ግማሹ የቀረ

አንድ የሙያ ጓደኛቸው በስልክ መላውን ነገራቸው። የኢንተርፌሱን ማስተካከያ ክፈቱ፣ ክሎክ ሶርስ የሚለውን ከ"ኢንተርናል" ወደ "ኤዳት" ለውጡት አላቸው። ለወጡት። ቀጭታው እዚያው ቆመ።

ምክሩ ትክክል ነው፤ ይህን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። አንድ ክር ብቻ ካለህ ፕሪአምፑ ይመራል፣ ኢንተርፌሱ ይከተላል። ብዙ ቤት እንዲህ ይሠራል። ግን አንድ ነገር ይከተለዋል፤ ከዚህ በኋላ የቤቱን ሳምፕል ሬት የሚወስነው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ያቺ የጀርባ ማዞሪያ ናት። ይህን የነገራቸው የለም።

የቀረጻው ቀን ደረሰ። የቪዲዮ ልጆቹ ካሜራቸውን እየተከሉ "ድምፁን በ48 አድርጉልን" አሉ። አግባብ ያለው ጥያቄ ነው፤ የቪዲዮ ድምፅ የሚሠራው በ48 ነው። ረዳቱም ታዘዘ። ሄዶ የፕሪአምፑን ማዞሪያ ከ44.1 ወደ 48 አዞረ። ኢንተርፌሱም ተከተለ፤ "ሎክድ" የሚለው ምልክት አረንጓዴ ሆነ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። በመቅረጫ ሶፍትዌሩ፣ ኪዩቤዝ፣ ላይ የተከፈተው ፕሮጀክት ግን የቤቱ የቆየ ፕሮጀክት ነበር፣ 44.1።

አንዳንድ ኢንተርፌስና ሶፍትዌር እንዲህ ሲሆን ይጮሃል፣ አልቀርጽም ይላል። ይሄኛው ዝም አለ። እናም በሰከንድ 48,000 ሳምፕል እየመጣ፣ ፋይሉ ላይ "44,100" ተብሎ ተጻፈ።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። በዚያ ቀን ማንም ምንም ሊሰማ አይችልም ነበር። የተቀረጸው መልሶ ሲደመጥ ኢንተርፌሱ አሁንም በ48 ነው የሚሄድ፤ ስለዚህ በትክክለኛው ፍጥነትና ቃና ይወጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ብታዩም አታገኙትም። የኪዩቤዝ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪው) ራሱ ሳምፕል እየቆጠረ ነው የሚመታው፤ ስለዚህ እሱም አብሮ ፈጠነ። ከበሮ መቺው በሄድፎን ሲሰማው "ይሄ ነገር ይሮጣል" ብሎ ነበር። ምን ይሆናል? ቴምፖውን፣ የምቱን ፍጥነት፣ ወደ 110 ዝቅ አደረጉለት፣ "አሁን ደህና" አለ። ስክሪኑ ላይ 110 ይላል። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ግን ወደ 120 የሚጠጋ ነበር። የተቀረጸው ምትም ስክሪኑ ላይ ካለው መስመር ጋር ውልፍት አይልም። ከውስጥ ሆኖ ያየው ሰው ሁሉ ልክ ነው ይላል።

ፕሪአምፑ ሲጠፋ

ከዚያ ድምፃዊቷ ዋናውን ድምፅ ልትሠራ መጣች። ለአንድ ማይክ ፕሪአምፑን ማብራት አያስፈልግም። ዩፒኤሱ እንዳይከብደው ፕሪአምፑ ጠፋ። ኢንተርፌሱ የሚከተለውን አለቃ ሲያጣ ወደ ራሱ ክሎክ ተመለሰ፣ ወደ 44.1።

አሁን ፋይሉ በተጻፈበት ቁጥር ተጫወተ። በሰከንድ 48,000 የተለካው ድምፅ በሰከንድ 44,100 ብቻ እየወጣ ነው። ፍጥነቱ ከመቶ 8 ያህል ወረደ። አራት ደቂቃ የተዘፈነው ዘፈን አራት ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሆነ። ቃናውም አንድ ተኩል ሴሚቶን ያህል ዝቅ አለ፤ ሴሚቶን ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው።

ድምፃዊቷ ሄድፎን አድርጋ ስትሰማው ወረድ ማለቱ ገብቷታል። ግን ተመችቷታል። "በዚያ ቀን በጣም ላይ ነበር፣ ዝቅ ያደረጋችሁልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ" ብላኛለች። ዘፈነች፣ ጨረሰች፣ ሄደች።

የቪዲዮ ኤዲተሩም ደውሎ ነበር። "የላካችሁልኝ ድምፅ ከምስሉ ይረዝማል" አላቸው። ካሜራህን እይ ተባለ። እሱም ክርክር አልፈለገም፤ ድምፁን በሶፍትዌር ጨምቆ ከምስሉ ጋር ገጠመው። ጉዳዩ ያን ቀን ሊያልቅ ይችል ነበር። 21 ሰከንድ የካሜራ ጥፋት ሊሆን አይችልም። የካሜራ ክሪስታል ከስቱዲዮው ክሪስታል ጋር ካልተያያዘ በእርግጥ ይለያያል። ግን ያው በሚሊዮን 20 ብንል፣ ለአራት ደቂቃ ዘፈን ከ5 ሚሊሰከንድ አያልፍም፤ ማንም አያየውም። ለአንድ ሰዓት ኮንሰርት 72 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ በ25 ፍሬም ቪዲዮ ሁለት ፍሬም ገደማ። ያኔ ከንፈርና ድምፅ መለያየቱ መታየት ይጀምራል። በሰከንዶች የሚቆጠር ልዩነት ካያችሁ ግን ነገሩ ክሪስታል አይደለም። የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው።

ጋሼና ዋሽንቶቻቸው

ማሲንቆ ይቃኛል። ክራር ይቃኛል። ድምፃዊም የተሰጠውን ይዞ ይወጣል። ዋሽንት ግን አይቃኝም። ርዝመቱና ቀዳዳው ከተወሰነ ቃናው ተወሰነ። ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊ ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው፤ አንዱ ለዚህ ቃና፣ ሌላው ለዚያ።

ጋሼ መጥተው ዘፈኑን ሰሙ፣ አንዱን አነሱ። ከፍ አለ። ረዘም ያለውን አነሱ። ዝቅ አለ። ከፍ ያለውን አፋቸውን ዘንበል እያደረጉ ትንሽ ሊያወርዱት ሞከሩ፤ አልደረሰም። በመጨረሻም "ይሄ ዘፈን በሁለት ዋሽንት መሀል ነው የተቀመጠው። እንዲህ አድርጎ የሚቃኝ ሰው የለም" አሉ። ከዚያ የተቆጡት ነው።

ሒሳቡ እሳቸው ያሉትን ነው የሚለው። 48ን ለ44.1 ብታካፍሉ የሚመጣው የቃና ልዩነት አንድ ሴሚቶን ከ47 ሳንቲም ነው፣ ሴሚቶኑን በመቶ ብንከፍለው ማለት ነው። ልክ መሀል ላይ። ባንዱ በቃናው ላይ ሆኖ ከተጫወተ፣ የወረደው ድምፅ የትኛውም ዋሽንት ላይ፣ የትኛውም ኪቦርድ ላይ አያርፍም። ትዝታውም ባቲውም ቅኝቱ አልተበላሸም፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ያው ነው። የተነሳበት ቦታ ነው የጠፋው።

ስልክ ላይ ይህን ስሰማ የጠረጠርኩት ወዲያው ነው። ግን ጥርጣሬ ለክርክር አይበቃም፤ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሄጄ የኤሌክትሪክ ክራሩን ትራክ ከፈትኩ። ክራሩ ዝም ባለባቸው ቦታዎች ላይ ሁልጊዜም የሚኖር ሁምታ አለ፣ ከመብራት የሚመጣ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ የሁምታው ቃና 50 ላይ መታየት አለበት። ስፔክትረሙ፣ ቃናዎቹን በየቁጥራቸው የሚያሳየው ሥዕል፣ ላይ ሳየው ግን ጫፉ 46 አካባቢ ነው የቆመው። ቀጣዩ 100 ላይ መሆን ሲገባው 92 ላይ። መብራት ኃይል ለእኛ ቀረጻ ብሎ ፍሪኩዌንሲውን አያወርድም። 50 ወደ 46 የወረደው ድምፁ ሁሉ በዚያው ልክ ስለወረደ ነው።

ማንም ሰው በተበላሸ ፋይል ላይ ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው። መብራቱ ራሱ እንደ መቃኛ ያገለግላል።

ቀጥሎ የካሜራውን የራሱን ድምፅ ከኤዲተሩ አስላክን። የዚያው ዘፈን ርዝመት አራት ደቂቃ። ስቱዲዮው ፋይል ላይ 4፡21። ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልነበረም።

ፋይሉን ማዳን

ባለቤቱ የፈራው ባንዱን እንደገና መጥራት ነበር። አያስፈልግም። የተቀረጸው ድምፅ አንድም ሳምፕል አልጎደለበትም። ውሸቱ ፋይሉ ራስጌ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩን 48,000 ብሎ ማረም ይበቃል።

እዚህ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ፋይሉን ወደ 48 "ኮንቨርት" ማድረግ አይደለም። ኮንቨርት ካደረጋችሁት ሶፍትዌሩ የተጻፈውን 44.1 አምኖ፣ የወረደውን ቃና እንደወረደ ጠብቆ፣ አዲስ ሳምፕል ይሠራል። ስህተቱን አጽንታችሁ ታስቀምጡታላችሁ። የሚያስፈልገው ሳምፕሎቹን ሳይነኩ ስያሜውን ብቻ መቀየር ነው። እኛ ያደረግነው ኦዳሲቲ በሚባለው ሶፍትዌር ነው፣ ነጻ ስለሆነና በየኮምፒውተሩ ስላለ። የትራኩ ሜኑ ውስጥ "ሬት" የሚል አለ፤ እሱን 48000 ማድረግ። "ሪሳምፕል" የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ አትንኩት። የፕሮጀክቱ ሬትም 48000 መሆን አለበት። አለበለዚያ ፋይሉ ሲወጣ መልሶ ይቀይረዋል።

ሁሉም ትራክ እንዲህ ታርሞ በ24 ቢት ወጣ። ኪዩቤዝ ላይ አዲስ ፕሮጀክት በ48 ተከፈተ። ቴምፖው 110 የነበረው 119.73 ሆነ። ባለማሲንቆው በአጋጣሚ እዚያው ነበር። የቀድሞውንና የታረመውን አከታትለን አሰማነው። የቀድሞውን ሲሰማ ፊቱን አጠቆረ። "ይሄ የኔ እጅ አይደለም" አለ። የዘገየ ማሲንቆ ደጋኑ ጭራውን ሲነካ ያለው ጭረት ይደክማል፤ የሰማው እሱን ነው።

የቀረው የድምፃዊቷ ጉዳይ ነበር። ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። የእሷ ድምፅ የተቀረጸው በእውነተኛ 44.1 ነው፣ የዘገየውን ባንድ እየሰማች። ቁጥሩን ብናርመው ድምፅዋ የሕፃን ይሆናል። ካላረምነው ከባንዱ ጋር አይገጥምም።

ባለቤቱ መካከለኛ መንገድ አሰበ። ባንዱን ከትክክለኛው ቃና አንድ ሴሚቶን ብቻ ዝቅ እናድርገው፤ የእሷን 47 ሳንቲም ከፍ እናድርገው፤ ለዋሽንቱም የአንድ ሴሚቶን ዝቅታ ይስማማዋል አለ። ሒሳቡ ልክ ነው። ለጆሮ ግን አልወደድኩትም። ሁሉም ትራክ የተነካካ ይሆናል፣ ማሲንቆውም አሁንም የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ጋሼም በዚህ ተስማሙ። "ሰው ያለውን ድምፅ አውርዳችሁ እኔን አስተካክል አትበሉኝ" አሉ። እንደገና ትዝፈን ተባለ።

እሷ መጀመሪያ ቅር አላት። ዝቅ ያለውን ወዳው ነበርና። ግን ጋይዱን በትክክለኛው ቃና ስትሰማ፣ ላይ ላይ ስትወጣ ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ግፊት ራሷ ሰማችው። ገብታ ዘፈነች። በእኔ ጆሮ አዲሱ ይበልጣል። ዋሽንቱም ያን ዕለት ገባ፣ ጋሼ መጀመሪያ ባነሱት ዋሽንት።

አሁን እንዴት ተያይዟል

ጠፍቶ የነበረው ክር ተገዛ። ኦፕቲካል ኬብል የስቱዲዮ ዕቃ ብቻ አይደለም። ቴሌቪዥንን ከሳውንድባር ጋር የሚያገናኘው ኬብል ራሱ ነው፤ ቴሌቪዥን የሚሸጥ ቤት ሁሉ አለ። ጫፉ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ቆብ ማውለቅ አትርሱ።

ኢንተርፌሱ አለቃ ሆነ፤ ክሎክ ሶርሱ "ኢንተርናል" ነው። የፕሪአምፑ ማዞሪያ "ከኤዳት መቀበል" ላይ ነው። ልጁ በላዩ ፕላስተር ለጥፎበታል። ይህን የመረጥኩበት ምክንያት ድምፁ ስለሚያምር አይደለም። ፕሪአምፑ ቢጠፋም ቢበራም የቤቱ ቆጠራ አይለወጥም፤ ፕሮጀክቱ ሲከፈት ኪዩቤዝ የሚያዘውን ሬት ኢንተርፌሱ ይቀበላል፣ ፕሪአምፑም ይከተላል። የሚሳሳት ቦታ ቀነሰ።

ሬቱን ለሁሉም ሥራ 48 አደረግነው። ዛሬ እዚህ ቤት ከሚሠራው ውስጥ ከቪዲዮ ጋር የማይሄድ ጥቂት ነው። 44.1 የመጣው ከሲዲ ነው። ቁጥሩ ራሱ የቪዲዮ ካሴት ልጅ ነው። ያኔ ዲጂታል ድምፅ የሚቀመጠው በቪዲዮ ቴፕ ላይ ስለነበር፣ በሰከንድ 50 ፊልድ (ግማሽ ምስል)፣ በየፊልዱ 294 መስመር፣ በየመስመሩ 3 ሳምፕል ሲባዛ 44,100 ይሆናል። ሲዲ ገበያ የገባው በአውሮፓውያን 1982 ነው። ሲዲ የሚያሳትም ደንበኛ ከመጣ መጨረሻ ላይ አንዴ መቀየር ነው። 96 ይሻላል የሚሉም አሉ። ኤዳት ግን በ96 ስምንቱን ቻናል አራት ያደርገዋል። ባንድ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ኪሳራ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ 20,000 ኸርዝ አካባቢ ያበቃል፤ 48 እስከ 24,000 ድረስ ይይዛል።

ዊንዶውሱም ተስተካክሏል። የሳውንድ ሴቲንጉ ውስጥ "አድቫንስድ" በሚለው ስር ያለው ቁጥር 44,100 ነበር፤ 48,000 ሆነ፣ ለማጫወቻውም ለመቅረጫውም። ቀረጻ መሀል ሰው ዩቲዩብ ከፍቶ ሬቱ እንዳይወዛወዝ ነው። ከአቀናባሪ በቴሌግራም የሚመጣ ቅንብር አብዛኛውን ጊዜ 44.1 ነው። ኪዩቤዝ ሲያስገባው ልቀይረው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ መልሱ አዎ ነው፤ የተጻፈው ቁጥር እውነት እስከሆነ ድረስ።

ባለቤቱ አሁን ሁለተኛ ፕሪአምፕ ሊያመጣ አስቧል። ማስተር ክሎክ የሚባለውን፣ ለዕቃው ሁሉ ቆጠራ የሚሰጠውን ሣጥንም ልግዛ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተው አልኩት። ለሁለት ለሦስት ዕቃ የኢንተርፌሱ ክሎክ ይበቃል። አብዛኛው ኢንተርፌስ በራሱ ክሎክ ሲሄድ ነው ምርጥ ድምፁን የሚሰጠው፤ ከውጭ ሣጥን ስለተቀበለ ብቻ ድምፁ አይሻሻልም። ኢንተርፌሱ የወርድ ክሎክ መውጫ አለው። ከሱ በቢኤንሲ ኬብል ወደ አንደኛው፣ በቲ መገጣጠሚያ ወደ ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ጫፍ ላይ 75 ኦም መዝጊያ። ኬብሉ 75 ኦም መሆን አለበት። የደህንነት ካሜራ የሚገጥሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ኮአክሲያል 75 ኦም ነው፣ ጫፉም ቢኤንሲ ነው። የድሮው የኮምፒውተር ኔትወርክ ኬብል ግን 50 ኦም ነው፤ መልኩ ስለሚመሳሰል ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቦ መግዛት ነው። ልጁን ወደ ካሜራ ገጣሚዎቹ ልኮታል።